ማሳሳብ ለአትሌት ምን ይሠራል፣ ምንስ አይሠራም?

«ከልምምድ በፊት ጡንቻህን ካላሳሳብክ ትጎዳለህ፤ ከልምምድ በኋላ ካላሳሳብክ ደግሞ ነገ ደረጃ መውረድ ያቅትሃል።» ኳስ የተጫወተ ወይም ሩጫ የሮጠ ሰው ይህን ምክር ከአሠልጣኙ፣ ከቡድን ጓደኛው ወይም ከስፖርት መምህሩ ሳይሰማ አላደገም። ምክሩ በቅን ልብ የሚሰጥ ነው። ነገር ግን ባለፉት 30 ዓመታት ገደማ በብዙ አገሮች፣ በሺዎች በሚቆጠሩ ስፖርተኞች ላይ ሲፈተን የመጀመሪያውም የሁለተኛውም ግማሽ እንደተባለው ሆኖ አልተገኘም። ማሳሳብ፣ ማለትም ጡንቻን ወጥሮ መዘርጋት፣ የራሱ ሥራ አለው፤ ሥራውም ጠቃሚ ነው። ጉዳቱ የሚመጣው የማይችለውን ስናሸክመው ነው፤ እሱን ተማምነን ከጉዳት በእርግጥ የሚጠብቀንን ልምምድ እንተወዋለን።

መጀመሪያ ሰውነት ውስጥ የሚሆነውን እንይ። ጉልበታችሁን ሳታጥፉ ጎንበስ ብላችሁ የእግር ጣታችሁን ለመንካት ሞክሩ። አንድ ቦታ ላይ ስትደርሱ ከጭናችሁ ኋላ ጨምድዶ ያስቀራችኋል። ብዙ ሰው ያስቆመው የጡንቻው ማጠር ይመስለዋል። በአብዛኛው ግን «በቃ» የሚለው የነርቭ ሥርዓቱ ነው። ጡንቻ ውስጥ ርዝመቱ ምን ያህልና በምን ፍጥነት እንደተለወጠ የሚከታተሉ ጥቃቅን ስሜት ተቀባዮች አሉ። ጡንቻው በድንገት ሲሳብ ወደ ሕብለ ሰረሰር መልእክት ይልካሉ፤ አንጎል እስኪያስብበት ሳይጠበቅም ጡንቻው ይኮማተራል። ሐኪም ጉልበታችሁን በትንሽ መዶሻ ሲመታ እግራችሁ የሚወረወረው በዚሁ መንገድ ነው። እየተወዛወዙና እየነጠሩ ማሳሳብ፣ ወይም ጓደኛ ከኋላ ሆኖ ጀርባን በኃይል ወደ ታች እንዲጫን ማድረግ ይህንኑ መከላከያ ይቀሰቅሰዋል። ሰውየው ለማላላት ይገፋል፤ ጡንቻው ግን ራሱን ለመከላከል ይጠብቃል።

በዝግታ ገብተው ሳይንቀሳቀሱ ሲቆዩ ግን ያ መከላከያ ይበርዳል፤ የመወጠሩ ስሜትም ከጥቂት ሰከንዶች በኋላ እየቀለለ ይሄዳል። ይህን ለሳምንታት የደጋገመ ሰው ጣቱን መንካት ይጀምራል። እዚህ ላይ ተመራማሪዎችን ያስገረመ ነገር አለ። ከሳምንታት ማሳሳብ በኋላ እግሩን በፊት በነበረበት ማዕዘን ላይ አድርገው የጡንቻውን ውጥረት ሲለኩት፣ ብዙ ጊዜ ከበፊቱ ያን ያህል አልተለወጠም። የተለወጠው ሰውየው ያንን ውጥረት የሚችልበት መጠን ነው። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የምናገኘው መተጣጠፍ በአመዛኙ የነርቭ ሥርዓቱ ፈቃድ ነው። የጡንቻ ክሮች በእርግጥ እንዲረዝሙ ከተፈለገ ጡንቻው በተዘረጋበት ቦታ ላይ ክብደት ተሸክሞ ለወራት መሥራት አለበት። ይህን ነጥብ ያዙልኝ፤ ስለ ጉዳት ስናነሳ ዋናው እሱ ነው።

ማሳሳብ ሲባል አንድ ዓይነት ብቻ አይደለም። ሁላችንም የምናውቀው ቆሞ ወይም ተቀምጦ አንድን ጡንቻ ወጥሮ ሳይንቀሳቀሱ መቆየት ነው፤ «ቆሞ መወጠር» እንበለው። ሁለተኛው በእንቅስቃሴ የሚደረገው ነው፤ እግርን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ማወዛወዝ፣ ረጅም እርምጃ እየተራመዱ ዝቅ ማለት፣ ጉልበትን ወደ ደረት እያነሱ መሄድ። እዚህ መገጣጠሚያው እስከ ጫፉ ይሄዳል፤ ግን እዚያ አይቆምም፣ ጡንቻውም ሥራ ላይ ነው። ሦስተኛው አጥብቆ መልቀቅ የሚባለው ዓይነት ነው። ጡንቻው ተወጥሮ ሳለ ለ5 ሰከንድ ያህል ጓደኛን እየገፉ ያጠብቁታል፣ ይለቁታል፣ ከዚያ ትንሽ ራቅ ብለው እንደገና ይወጥሩታል። ይህ ዘዴ በ1940ዎቹ አሜሪካ ውስጥ በፖሊዮና በሌሎች ሕመሞች እንቅስቃሴያቸው ለተጎዳ ሰዎች ሕክምና ከተጀመረ አሠራር የመጣ ነው። በፍጥነት ውጤት ያሳያል፤ ጓደኛው ኃይለኛ ወይም ቸኩሎ የሚጫን ከሆነ ግን አደጋውም እንደዚያው ነው።

ከልምምድ በፊት የትኛው ይሻላል? እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ፣ ከመቶ በላይ ጥናቶችን የሰበሰበ ግምገማ ጥሩ መልስ አለው። ቆሞ መወጠር ወዲያው ተከትሎ የሚመጣውን የጡንቻ ጉልበትና በቅጽበት የሚወጣ ኃይል በአማካይ በ3.7 በመቶ ይቀንሳል። በእንቅስቃሴ የሚደረገው ደግሞ በ1.3 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ወሳኙ የቆይታው ርዝመት ነው። አንድን ጡንቻ በድምሩ ከ60 ሰከንድ በላይ ሲወጥሩት መቀነሱ 4.6 በመቶ ይደርሳል፤ ከ60 ሰከንድ በታች ሲሆን 1.1 በመቶ ብቻ ነው። ለከፍታ ዘላይና ለአጭር ርቀት ሯጭ 4 በመቶ ትልቅ ነገር ነው። ለማለዳ የዝግታ ሩጫ የወጣ ሰው ግን ባቱን 15 ሰከንድ ቢወጥር ምንም አይጎድልበትም። ስለዚህ «ከሩጫ በፊት ማሳሳብ ክልክል ነው» እያሉ የሚያስፈራሩም አጋነዋል።

ሩጫን በእርግጥ የሚያዘጋጀው ሙቀት ነው። የጡንቻ ሙቀት በ1 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጨምር ጡንቻው የሚያወጣው ኃይል ከ2 እስከ 5 በመቶ ያድጋል። ቆሞ መወጠር ደግሞ አያሞቅም። እንጦጦ ወይም ሱሉልታ ላይ ጎህ ሲቀድ ውርጭ ባለበት የሚሠሩ የኛ ሯጮች ይህን ያለ ላቦራቶሪ ያውቁታል። ባሕር ዛፉ ውስጥ ተከታትለው ሲነሱ የመጀመሪያው ፍጥነት ለተመልካች ከሶምሶማም ያነሰ ሊመስል ይችላል። የዓለም ሻምፒዮን የሆነ ሰው እንደዚያ ሲንቀሳቀስ ያየ ጀማሪ ብዙ ይማር ነበር። ፍጥነቱ ቀስ በቀስ ይመጣል፤ ጠንከር ያለ ልምምድ ካለ ከዝግታው በኋላ እየተንቀሳቀሱ ይፍታታሉ፣ አጭር አጭር ፍጥነት ያክሉበታል፣ ከዚያ ወደ ዋናው ይገባሉ። ቅደም ተከተሉ ይኸው ነው፤ መሞቅ፣ በእንቅስቃሴ መፍታታት፣ ወደ ፍጥነቱ መቅረብ። ቀዝቃዛ ሰውነት ይዞ ከመኪና ወርዶ እግርን አጥር ላይ መስቀል ከዚህ ውስጥ የለም።

አሁን ወደ ጉዳት እንምጣ። አውስትራሊያ ውስጥ ከ1,500 በላይ አዲስ ምልምል ወታደሮችን በሁለት ከፍለው ለ12 ሳምንታት ተከታተሏቸው። አንደኛው ወገን ከእያንዳንዱ ልምምድ በፊት የእግሩን ጡንቻዎች ያሳስባል፤ ሌላው አያሳስብም። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2000 ሲወጣ በእግር ጉዳት በሁለቱ መካከል ትርጉም ያለው ልዩነት አልነበረም። አሜሪካ ውስጥም ከ2,700 በላይ ሯጮች ለ3 ወራት ተመሳሳይ ሙከራ አድርገው የተጎዱት ቁጥር በሁለቱም ወገን አንድ ዓይነት ሆነ። በዚህኛው ሙከራ አንድ ልብ የሚባል ነገር ታይቷል። ለዓመታት ከሩጫ በፊት ሲያሳስቡ ኖረው በጥናቱ ምክንያት በድንገት ያቆሙት ከሌሎቹ በበለጠ ተጎዱ። ልማዳችሁ ከሆነና ከተስማማችሁ በአንድ ቀን አትጣሉት ማለት ነው። ለጀማሪ ግን ጠባቂዬ ነው ብሎ የሚይዘው አይደለም።

ለምን አይጠብቅም? ጉዳቱ የሚደርስበትን ቅጽበት ማየት ይበቃል። እግር ኳስ ውስጥ ከሁሉ በላይ የሚደጋገመው የጡንቻ ጉዳት የጭን ኋላ ጡንቻ መቀደድ ነው። በአውሮፓ ትልልቅ ክለቦች በተደረገ የረጅም ዓመታት ክትትል፣ ከጠቅላላው ጉዳት የነበረው ድርሻ እ.ኤ.አ. ከ2001/02 እስከ 2021/22 ከ12 በመቶ ወደ 24 በመቶ አድጓል። ተጫዋቹ በሙሉ ፍጥነት ሲሮጥ እግሩ ወደ ፊት ተወርውሮ መሬት ሊነካ ሲል፣ ያ ጡንቻ እየተዘረጋ ሳለ እግሩን ፍሬን መያዝ አለበት። የሚቀደደው ያን ጊዜ ነው፤ ተዘርግቶ ሳለ ኃይል ስላነሰው። ወለል ላይ ተቀምጦ ጣትን መንካት ጡንቻውን ይዘረጋዋል እንጂ ያንን ኃይል አይሰጠውም።

ኃይሉን የሚሰጠው ሌላ ልምምድ ነው፤ እሱም ገንዘብም ጂምም አይጠይቅም። ኖርዲክ ይሉታል። ለስላሳ ነገር ላይ ትንበረከካላችሁ፤ ጓደኛ ቁርጭምጭሚታችሁን አጥብቆ ይይዛል። ከጉልበት እስከ ራስ ቀጥ ብላችሁ፣ ወገባችሁን ሳታጥፉ በተቻለ ዝግታ ወደ ፊት ትወርዳላችሁ። የጭናችሁ ኋላ ሲያቅተው በእጃችሁ መሬቱን ትቀበላላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣና ከ8,000 በላይ ስፖርተኞችን ያካተቱ ጥናቶችን ያሰባሰበ ግምገማ እንደሚያሳየው፣ ይህን ልምምድ የሚሠሩ ቡድኖች የጭን ኋላ ጉዳታቸው በግማሽ ገደማ ይቀንሳል። በመጀመሪያው ሳምንት በጣም ያሳምማል፤ ስለዚህ 5 ጊዜ ብቻ ሠርቶ ማቆምና በየሳምንቱ መጨመር ነው። በየሰፈሩ ሜዳ ልጆች የሚያሠለጥኑ ሁሉ ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ቢወስዱ ይህን ቢወስዱልኝ ደስ ይለኛል።

ሰፋ አድርገን ብናየውም መልሱ ያው ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 የዴንማርክ ተመራማሪዎች ከ26,000 በላይ ሰዎች የተሳተፉባቸውን 25 ሙከራዎች አንድ ላይ አድርገው መዘኑ። ማሳሳብ ብቻውን ጉዳትን አልቀነሰም። ጡንቻን የሚያጠነክር ልምምድ ግን ከሲሶ በታች አወረደው። የፊፋ ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ከኦስሎና ከካሊፎርኒያ ባልደረቦቻቸው ጋር ያዘጋጁት «11+» የተባለው ማሟሟቂያም በዚሁ ሐሳብ ላይ የተመሠረተ ነው። 20 ደቂቃ ይፈጃል፤ ሩጫ፣ የጡንቻ ማጠንከሪያ፣ የሚዛንና የዝላይ እንቅስቃሴዎች አሉት፤ ቆሞ መወጠር የለበትም። ኖርዌይ ውስጥ በወጣት ሴት ተጫዋቾች ላይ ሲሞከር ጉዳትን በሲሶ ገደማ ቀነሰ።

ስለ ማግስቱ ሕመም ብዙ ማለት አያስፈልግም። ቁልቁለት ከሮጡ ወይም አዲስ ልምምድ ከጀመሩ በኋላ ከ24 እስከ 72 ሰዓት የሚቆየው ሕመም የሚመጣው ባልለመደው ሥራ በጡንቻ ክሮች ላይ ከሚደርስ ጥቃቅን ጉዳትና እሱን ተከትሎ ከሚመጣ መቆጣት ነው። «ላክቲክ አሲድ ተጠራቅሞ ነው» የሚባለው ትክክል አይደለም፤ ላክቴት ልምምዱ ካለቀ በኋላ በአንድ ሰዓት ገደማ ከደም ይወጣል። ሰፊ የጥናት ግምገማ ማሳሳብ ይህን ሕመም ከ100 ነጥብ በ1 ነጥብ አካባቢ እንደሚቀንስ አግኝቷል። ያንን ማንም ሰው አይሰማውም። ከልምምድ በኋላ ማሳሳብ ደስ የሚላችሁ ከሆነ አድርጉት፤ ያረጋጋል፣ ከጓደኛም ያጫውታል። ሕመሙን የሚቀንሰው ግን ልምምድን ቀስ በቀስ መጨመር ነው።

አሁን ሯጮችን በተለይ የሚመለከት ነገር ልጨምር፤ ብዙዎች ሲሰሙት አያምኑትም። መተጣጠፍ በበዛ ቁጥር ሩጫ አይሻሻልም። እ.ኤ.አ. በ2002 በእንግሊዝ በ34 ዓለም አቀፍ ደረጃ ባላቸው ወንድ ሯጮች ላይ የተደረገ ልኬት፣ ተቀምጠው ወደ እግራቸው ብዙ መድረስ የማይችሉት፣ ማለትም ደረቅ ያሉት፣ በተመሳሳይ ፍጥነት ሲሮጡ የሚፈጁት ኦክስጅን ያነሰ መሆኑን አሳይቷል። ምክንያቱ ባትን ከተረከዝ የሚያያይዘው ወፍራም ጅማት ላይ ነው። እግር መሬት ሲነካ እንደ ሞላ ይለጠጣል፤ ሲነሳ የተቀበለውን ጉልበት አብዛኛውን ይመልሳል። የተመለሰው ጉልበት ጡንቻ በኦክስጅን ሊሠራው የነበረ ነው። ደልደል ያለ ሞላ ብዙ ይመልሳል። ስለዚህ ረጅም ርቀት ሯጭ እንደ ጂምናስቲክ ሠሪ እግሩን ዘርግቶ ከፍቶ መሬት ላይ ለመቀመጥ መጨነቅ የለበትም።

ይህ ማለት ግን እየደረቁ መሄድ ነው ማለት አይደለም፤ ለስፖርቱ የሚበቃ መተጣጠፍ ያስፈልጋል። የሚበቃው ስንት እንደሆነ የሚወስነው ስፖርቱ ነው። የ3,000 ሜትር መሰናክልን ውሰዱ። ወንዶች 91.4 ሴንቲሜትር፣ ሴቶች 76.2 ሴንቲሜትር ከፍታ ያለውን መሰናክል 28 ጊዜ ይሻገራሉ፤ በዚያ ላይ 7 የውኃ ዝላይ አለ። የኋላውን እግር ከጎን አጥፎ በመሰናክሉ ላይ ለማሳለፍ የዳሌ መገጣጠሚያ ወደ ጎን በሰፊው መከፈት አለበት። ካልተከፈተ ሯጩ ወደ ላይ ይዘላል፤ በእያንዳንዱ ዝላይም ፍጥነትና ጉልበት ይባክናል። ለሜቻ ግርማ እ.ኤ.አ. በጁን 2023 ፓሪስ ላይ 7:52.11 ሮጦ የዓለምን ክብረ ወሰን ሲሰብር በመሰናክሎቹ ላይ የነበረውን ዝቅታ የተመለከተ ሰው የዳሌ መተጣጠፍ ምን እንደሚያተርፍ ይገባዋል። ለማራቶን ሯጭ ያን ያህል አያስፈልግም። በረኛ፣ ቴኳንዶ ተጫዋችና ዋናተኛም እያንዳንዳቸው የራሳቸው ልክ አላቸው።

ማሳሳብ የሚያባብሰው ሕመምም አለ፤ ይህ ብዙ ሯጮችን ለወራት ሲያሰቃይ ይታያል። ተረከዝን ከኋላ፣ ጅማቱ አጥንቱን በሚነካበት ቦታ ላይ የሚያምመው ሰው ወዲያው የሚመጣለት ደረጃ ጫፍ ላይ ቆሞ ተረከዙን ወደ ታች መልቀቅ ነው። በዚያ አቋም ጅማቱ በተረከዝ አጥንት ላይ ይጫናል፤ ሕመሙን ያመጣው ደግሞ ራሱ መጫኑ ሊሆን ይችላል። ስንቀመጥ መሬት የሚነካው የመቀመጫ አጥንት አካባቢ ሲያምምም እንዲሁ ነው፤ የጭን ኋላን አብዝቶ ማሳሳብ ያንን ጅማት ያስቆጣዋል። በሁለቱም ቦታ የሚረዳው መወጠሩን ትቶ ጅማቱን ጠፍጣፋ መሬት ላይ በዝግታ ክብደት ማስለመድ ነው። በቅርቡ የተቀደደ ጡንቻንም በመጀመሪያዎቹ ቀናት እየወጠሩ መሞከር ቁስሉን መልሶ መክፈት ነው። ሕመሙ አንድ ነጥብ ላይ የሚጠቆም፣ ሌሊት የሚቀሰቅስ ወይም ከእግር እስከ ጣት የሚነዝር ከሆነ ጉዳዩ የማሳሳብ አይደለም፤ ፊዚዮቴራፒስት ወይም ሐኪም ይየው።

«ጡንቻዬ ያዘኝ» የሚለውም ስሜት ሁልጊዜ ማጠር አይደለም። ቀኑን ሙሉ ታክሲ ሲነዳ ወይም ቢሮ ተቀምጦ የዋለ ሰው ዳሌው ፊት ለፊት የተያዘ ይመስለዋል። ለዚህ ሰው በየሰዓቱ ተነስቶ ትንሽ መራመድ ማታ ከሚያደርገው ረጅም ማሳሳብ የበለጠ ሊረዳው ይችላል። በአሜሪካ የሚኖሩ ወገኖቻችን እ.ኤ.አ. በ1984 በተመሠረተው የኢትዮጵያውያን ስፖርት ፌዴሬሽን ስር በየዓመቱ በጁላይ አካባቢ ለኳስ ይሰባሰባሉ። ክረምቱን በሥራ አሳልፎ፣ 40 ዓመትን ተሻግሮ፣ ለዚያ ሳምንት ብቻ ጫማ የሚያጠልቅ ሰው የሚያሰጋው ባቱና የተረከዝ ጅማቱ ናቸው። ከመግባቱ በፊት 10 ደቂቃ ማሳሳብ አያድነውም። ከኤፕሪል ጀምሮ በሳምንት ሁለት ቀን ተረከዝ እያነሱ መውረድ፣ ኖርዲክና ቀስ በቀስ የሚጨምር ፍጥነት ያድኑታል።

ልጆች ላይ ጥንቃቄው ሌላ ነው። በእድገት ወቅት አጥንት ቀድሞ ይረዝማል፤ ጡንቻና ጅማት ይከተላሉ። በነዚያ ወራት ልጁ እንደ ድሮው መጎንበስ ሊያቅተው ይችላል፤ ከጉልበቱ በታች ወይም ተረከዙ ላይ ሊያምመው ይችላል። በኃይል መጫን ስንፍናን የሚያስተካክል አይምሰላችሁ፤ ልምምዱን ቀንሶ ጊዜ መስጠት ነው። በተቃራኒው ክንዳቸውንና ጉልበታቸውን ወደ ኋላ የሚያጥፉ፣ አውራ ጣታቸውን ክንዳቸው ላይ የሚያስተኙ ልጆች አሉ። ሁሉም ያደንቃቸዋል፣ ይበልጥ እንዲያሳዩም ያበረታታቸዋል። እነሱ የሚያስፈልጋቸው የጡንቻ ጥንካሬ ነው፤ መገጣጠሚያቸው ቀድሞውንም ልቅ ነው።

መተጣጠፍ ጎድሏችሁ ለመጨመር ከፈለጋችሁ አሠራሩ ቀላል ነው። የአሜሪካ የስፖርት ሕክምና ኮሌጅ ምክር ቢያንስ በሳምንት 2 ወይም 3 ቀን፣ ሰውነት ከሞቀ በኋላ፣ አንዱን አቋም ከ10 እስከ 30 ሰከንድ ይዞ፣ ለእያንዳንዱ ጡንቻ በድምሩ 60 ሰከንድ መድረስ ነው። በየቀኑ ቢሆን ይበልጥ ይሠራል። የሚሰማው መወጠር እንጂ ሕመም መሆን የለበትም፤ ትንፋሽም አይያዝም። ከዋናው ልምምድ በኋላ ወይም ማታ ቤት ውስጥ ይመረጣል። ሲያቆሙት በሳምንታት ውስጥ ይጠፋል። ጂም የሚሠራ ሰው ደግሞ ክብደቱን ቀንሶ እንቅስቃሴውን እስከ መጨረሻው ቢያደርገው፣ ለምሳሌ ቁጢጥ ሲል ሙሉ በሙሉ ቢወርድ፣ ከማሳሳብ የማያንስ መተጣጠፍ ያገኛል፤ ጉልበቱንም አብሮ።

ከመጀመራችሁ በፊት የጎደላችሁ የት እንደሆነ ለኩ። ለሯጭና ለኳስ ተጫዋች ጥሩ መነሻ ቁርጭምጭሚት ነው። ባዶ እግራችሁን ግድግዳ ፊት ቁሙ፤ ተረከዛችሁ ከመሬት ሳይነሳ ጉልበታችሁን አጥፋችሁ ግድግዳውን ንኩ። ከነካችሁ እግራችሁን ትንሽ ወደ ኋላ ውሰዱና ደግሙ። ተረከዝ ሳይነሳ ጉልበት መንካት የቻለበት የመጨረሻው ቦታ ላይ ከአውራ ጣት እስከ ግድግዳ ያለውን ርቀት በሴንቲሜትር ለኩት። 10 ሴንቲሜትር አካባቢ ለብዙ ሰው በቂ ነው። ዋናው ግን ሁለቱን እግር ማወዳደር ነው፤ በተለይ ድሮ ወለምታ በነበረበት በኩል። ልዩነቱ ከ2 ሴንቲሜትር በላይ ከሆነ ያንን እግር ለ6 ሳምንታት ሥሩበትና መልሳችሁ ለኩ።